በርስት፦ ስለ ትራፊክ ሼፒንግና ፖሊሲንግ ቅንብር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያዎች፣ ለክሊኒኮች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለቡና ነጋዴ ቢሮዎች ኔትወርክ ስዘረጋና ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። በየሄድኩበት የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የገዛነው ፍጥነት የት ሄደ?» ጥፋቱ ሁልጊዜ የኢንተርኔት አቅራቢው ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን መልሱን ያገኘሁት እዚያው ቤት ራውተር ላይ፣ ማንም ሳይነካው በቀረ አንድ ቁጥር ውስጥ ነው። ያ ቁጥር በርስት ይባላል፤ የሚጻፈውም ሼፒንግና ፖሊሲንግ ከሚባሉት ሁለት የፍጥነት መገደቢያ መንገዶች ጋር ነው። ከታች ያሉት ባለቤቶች፣ የአይቲ ሠራተኞችና ሙያውን በመማር ላይ ያሉ ወጣቶች ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው።

በርስት ምንድን ነው?

ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ አስቡ። ከዋናው መስመር የሚገባው ውኃ ቀጭን ነው፤ በደቂቃ 5 ሊትር እንበል። ሮቶው ግን 1000 ሊትር ይይዛል። ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ ጠዋት ቧንቧውን ስትከፍቱ፣ ውኃው የሚወርደው በደቂቃ 5 ሊትር ሳይሆን ቧንቧው በቻለው መጠን ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ደቂቃ ይሞላል። እንዲህ የሚቀጥለው ግን ሮቶው እስኪጎድል ድረስ ብቻ ነው። ከጎደለ በኋላ የምታገኙት ከመስመር የሚገባውን 5 ሊትር ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ሮቶው አንዴ ከሞላ ሌሊቱ የቱንም ያህል ቢረዝም 1000 ሊትሩ 1001 አይሆንም።

ራውተሩ የሚሠራው ልክ እንደዚህ ነው። በውኃ ፋንታ የሚያጠራቅመው ቶክን የሚባል የማለፊያ ፈቃድ ነው። የተፈቀደው ፍጥነት ወደ ሮቶው የሚገባው ቀጭን መስመር ነው፤ በርስት ደግሞ የሮቶው መጠን ነው። አንድ ፓኬት (መረጃ ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) ሲመጣ የራሱን ክብደት ያህል ቶክን ይወስድና ያልፋል፤ በቂ ቶክን ከሌለ አያልፍም። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ጆናታን ተርነር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 «የሚያንጠባጥብ ባልዲ» ብሎ ያቀረበው ዘዴ የዚህ መንታ ወንድም ነው።

ለምን አስፈለገ? 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ብሎ መገደብ ብቻ አይበቃም?

አይበቃም። ምክንያቱን የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋልና ትንሽ እንቆይበት።

ከራውተሩ የሚወጣው ገመድ 100 ሜጋ ከሆነ፣ በዚያ ገመድ ላይ የሚሄድ እያንዳንዱ ቢት የሚሄደው በ100 ሜጋ ፍጥነት ነው። 10 ሜጋ የሚባል ፍጥነት ገመዱ ላይ የለም፤ ያለው 100 ወይም ዝምታ ነው። 1500 ባይት የሚመዝን አንድ ፓኬት በ100 ሜጋ ገመድ ለማለፍ 0.12 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። አማካዩ 10 ሜጋ እንዲሆን ከተፈለገ ከዚያ በኋላ 1.08 ሚሊ ሰከንድ ዝም ማለት አለበት። እንግዲህ «10 ሜጋ» ስንል የምንናገረው ስለ አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ያለ ጊዜ ትርጉም የለውም። በስንት ጊዜ ውስጥ የተሰላ አማካይ? በርስት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ፍጥነቱን ጽፎ በርስቱን የረሳ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የጻፈው።

ሼፒንግና ፖሊሲንግ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱም የሚለኩት በዚያው ቶክን በሚጠራቀምበት ሮቶ ነው፤ ከዚህ በኋላ ባልዲ እንበለው። የሚለያዩት ባልዲው ባዶ ሲሆን በሚያደርጉት ነው።

ሼፒንግ ጀሪካን ይዞ የመጣውን ሰው «ወረፋ ያዝ፣ ውኃ ሲመጣ ትቀዳለህ» ይለዋል። ፓኬቱ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ዋጋው መዘግየት ነው፤ ወረፋው ሲሞላ ብቻ ነው ፓኬት የሚጣለው። ፖሊሲንግ ግን ወረፋ የለውም። ባልዲው ባዶ ከሆነ ፓኬቱ እዚያው ይጣላል፣ ወይም ምልክት ተደርጎበት ዝቅተኛ ደረጃ ይዞ ያልፋል። ዋጋው የጠፋ ፓኬት ነው፤ ላኪው እንደገና መላክ ይኖርበታል።

ሼፒንግ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከራውተሩ በሚወጣው አቅጣጫ ነው፤ ፖሊሲንግ በሁለቱም ይሠራል። ትልልቅ አቅራቢዎች ፖሊሲንግን የሚመርጡት ለብዙ ሺህ ደንበኛ ወረፋ የሚይዝ ማኅደረ ትውስታ ውድ ስለሆነ ነው። በአንድ ሆቴል ወይም በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ምርጫው በእጃችሁ ነው፤ እኔ በተቻለ መጠን ሼፒንግን እመርጣለሁ።

10 ሜጋ ተመድቦልን ሳለ መለኪያው ከ4 በታች ያሳያል። ለምን?

መጀመሪያ ዋይፋዩን ከጥርጣሬ አውጡ፤ ላፕቶፑን በገመድ አገናኝታችሁ ለኩ። በገመድም ያው ከሆነ፣ መንገዱ ላይ ፖሊሲንግ ካለ፣ የበርስቱን ቁጥር ተመልከቱ።

ወደ ጅሬን በሚወጣው መንገድ አካባቢ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለቤቱን ሁላችንም ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። «ልጄ፣ ለእያንዳንዱ ፎቅ 10 ሜጋ ተመድቧል ተብዬ ከፍያለሁ፤ እንግዶቼ ግን ማታ ማታ እየመጡ ይወቅሱኛል» አሉኝ። ራውተሩን ከፍቼ ሳይ ለየፎቁ ፖሊሲንግ ተደርጓል፤ ፍጥነቱ በትክክል 10 ሜጋ፣ በርስቱ ግን 8000 ባይት ነበር።

8000 ባይት ሲባል ብዙ ይመስላል። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት የሚሆነውን በቅርብ እንየው። ዛሬ ያሉት ሰርቨሮች ግንኙነት እንደ ጀመሩ መልስ ሳይጠብቁ እስከ 10 ፓኬት ድረስ በአንድ ትንፋሽ ይልካሉ። እያንዳንዱ ፓኬት 1500 ባይት ነው፤ በ100 ሜጋ ወደብ ተከታትለው ሲመጡ በየ0.12 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ይደርሳል። በዚያ ቅጽበት ውስጥ ወደ ባልዲው የሚገባው አዲስ ቶክን 150 ባይት ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ፓኬቶች ያልፋሉ። ስድስተኛው ሲደርስ ባልዲው ውስጥ የቀረው 1250 ነው፤ ተጣለ። ሰባተኛው ሲደርስ 1400፤ ተጣለ። ስምንተኛው 1550 አግኝቶ አለፈ። ዘጠነኛውና አሥረኛው ተጣሉ። ከ10 ፓኬት 4ቱ ጠፉ ማለት ነው፤ ያውም ገና በሩ ላይ፣ መስመሩ ፈጽሞ ባልተጨናነቀበት ሰዓት።

ጉዳቱ በ4 ፓኬት አያበቃም። ቲሲፒ፣ ማለትም ፓኬት መድረሱን እያረጋገጠ የሚልከው የኢንተርኔት ደንብ፣ ፓኬት ሲጠፋበት «መንገዱ ተጨናንቋል» ብሎ ያምናል፤ ፍጥነቱን ቆርጦ ከዝቅታው እንደገና ቀስ እያለ ይወጣል። ትንሽ ከፍ እንዳለ ያችኑ ትንሽ ባልዲ ይመታና እንደገና ይወድቃል። በግራፍ ሲታይ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። የጥርሱ ጫፍ 10 ሜጋን ይነካ ይሆናል፤ እንግዳው የሚያገኘው ግን አማካዩን ነው። የሐጂን ራውተር በርስት ወደ 312500 ባይት ከፍ አድርጌ ስለካ መለኪያው ከ9 በላይ ቆመ። አንድ ሳንቲም ለአቅራቢው አልተጨመረም፤ የተለወጠው አንድ ቁጥር ነው።

በርስቱን ስንት ላድርገው?

ለፖሊሲንግ የራውተር አምራቹ ሲስኮ ለረጅም ጊዜ ሲመክር የኖረው ቀመር አለ፦ ፍጥነቱን በቢት ወስዶ ለ8 ማካፈል፣ ከዚያ በ1.5 ሰከንድ ማባዛት። ለ10 ሜጋ 1875000 ባይት ይመጣል። ተጨማሪ በርስት የሚባለው ደግሞ የዚህ እጥፍ ነው። ይህ ለጋስ ቁጥር ነው፤ ትልልቅ ፋይል በሚወርድበት መስመር በደንብ ይሠራል።

ዝቅተኛው ወለል የሚወሰነው በመልስ ጊዜ ነው። ፒንግ አድርጋችሁ ከምትጠቀሙባቸው ሰርቨሮች መልስ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚመለስ እዩ። 150 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ፣ 10 ሜጋ በ0.15 ሰከንድ ውስጥ የሚሸከመው 187500 ባይት ነው፤ ባልዲው ከዚህ ካነሰ ቲሲፒ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ መድረስ ይቸግረዋል። ከጅማ ሆነን የምንጠቀመው አብዛኛው ነገር ባሕር ማዶ ስላለ የመልስ ጊዜያችን አጭር አይደለም፤ ስለዚህ ሰርቨሩ እዚያው ከተማ ላለለት ሰው የተጻፈ ትንሽ ቁጥር ለእኛ አይሆንም።

የእኔ ልማድ ከሩብ ሰከንድ መጀመር ነው። ለ10 ሜጋ ያ 312500 ባይት ነው። ለክቼ፣ የተጣሉትን ፓኬቶች ቆጣሪ አይቼ፣ ካስፈለገ ወደ ግማሽ ሰከንድ አሳድጋለሁ። ከአንድ ፓኬት ያነሰ በርስት ግን በምንም ምክንያት አታስገቡ፤ 15 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ አይችልም።

ቁጥሩ የሚጻፈው በቢት ነው በባይት?

ይህ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ነውና ደግማችሁ አንብቡት። ሲስኮ ላይ ለሼፒንግ የሚጻፈው በርስት በቢት ነው፤ ለፖሊሲንግ የሚጻፈው በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ አንዱን በሌላው ቦታ የጻፈ ሰው ስምንት እጥፍ ይሳሳታል። ፍጥነቱ ግን በሁለቱም በቢት በሰከንድ ነው። የሌላ ሰው ቅንብር ስትገለብጡ መጀመሪያ መስፈሪያውን ጠይቁ።

ሲአይአር፣ ቢሲ፣ ቢኢና ቲሲ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ሲአይአር የተፈቀደው ፍጥነት ነው። ቢሲ በአንድ ዙር ውስጥ የሚፈቀደው መጠን፣ ቲሲ ደግሞ የዙሩ ርዝመት ነው። ግንኙነታቸው አጭር ነው፦ ቲሲ ማለት ቢሲ ሲካፈል ለሲአይአር። ቢኢ ጸጥ ባለ ሰዓት ተቆጥቦ በኋላ የሚወጣ ተጨማሪ ነው።

የቲሲን ትርጉም ለመረዳት የውኃ ፈረቃን የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ውኃ የሚያገኝ ሰፈርና በየቀኑ ጥቂት ሰዓት የሚያገኝ ሰፈር በወሩ መጨረሻ የሚደርሳቸው ውኃ እኩል ሊሆን ይችላል። ኑሯቸው ግን እኩል አይደለም።

በ100 ሜጋ ወደብ ላይ ወደ 10 ሜጋ ሼፒንግ አድርገናል እንበል። ቢሲን 1250000 ቢት ካደረግን ዙሩ 125 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። መስመሩ ሥራ ሲበዛበት ራውተሩ የዙሩን ድርሻ በ12.5 ሚሊ ሰከንድ ጨርሶ ለቀረው 112.5 ሚሊ ሰከንድ ዝም ይላል። ድምፅ ግን በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ፓኬት ይልካል። በዝምታው መጀመሪያ ላይ የደረሰ የድምፅ ፓኬት ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ታግቶ ይቆያል፤ ለጥሩ የስልክ ንግግር ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ያለው መዘግየት በሙሉ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባያልፍ ይመከራል። ቢሲን ወደ 100000 ቢት ዝቅ ብናደርገው ዙሩ 10 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፤ ረጅሙ ዝምታ 9 ሚሊ ሰከንድ ብቻ። በሰከንድ ያለፈው መጠን ያው 10 ሜጋ ነው፤ የሰሚው ጆሮ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ስለዚህ የድምፅና የቪዲዮ ስብሰባ ባለበት መስመር ቢሲን የሲአይአሩ አንድ መቶኛ አድርጉት፤ ቢኢን ዜሮ። እዚህ ላይ አንባቢ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ቀደም ሲል በርስቱን አሳድጉ ብዬ አሁን አሳንሱ እላለሁ። የመጀመሪያው ለፖሊሲንግ ነው፤ ባልዲው ትንሽ ሲሆን ፓኬት ይሞታል። ይህኛው ለሼፒንግ ነው፤ ወረፋ ስላለ ማንም አይሞትም፣ ትንሽ ባልዲ የሚያመጣው አጭርና እኩል የሆነ ጥበቃ ነው።

ሚክሮቲክ ላይ ያሉት በርስት ሊሚት፣ በርስት ትሬሽሆልድና በርስት ታይም እንዴት ይሠራሉ?

ጅማ ውስጥ ከማገኛቸው ራውተሮች ብዙዎቹ ሚክሮቲክ ስለሆኑ ይህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ስሙ አንድ ሆኖ አሠራሩ ሌላ መሆኑ ነው። የሲስኮ በርስት በባይት የሚለካ ባልዲ ነው። የሚክሮቲክ በርስት ግን በሰከንድ በሚቆጠር አማካይ ላይ የተመሠረተ ጊዜያዊ ፈቃድ ነው።

ለአንድ ክፍል ማክስ ሊሚት (የዘወትሩ ገደብ) 2 ሜጋ፣ በርስት ሊሚት (የጊዜያዊው ፈቃድ ገደብ) 4 ሜጋ፣ በርስት ትሬሽሆልድ 1.5 ሜጋ፣ በርስት ታይም 16 ሰከንድ አደረግን። ራውተሩ ያለፉትን 16 ሰከንዶች አማካይ ያሰላል፤ 16ቱን ሰከንድ በ16 እኩል ከፍሎ በየክፍሉ ያድሰዋል፣ እዚህ ላይ በየሰከንዱ ማለት ነው። አማካዩ ከ1.5 ሜጋ በታች እስከሆነ ድረስ እንግዳው 4 ሜጋ ያገኛል። አማካዩ 1.5 ሲደርስ ወደ 2 ሜጋ ይመለሳል።

ታዲያ 4 ሜጋው ለ16 ሰከንድ ይቆያል? ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ አይደለም። ትክክለኛው ርዝመት ትሬሽሆልድ ሲባዛ በታይም፣ ሲካፈል ለበርስት ሊሚት ነው፤ 1.5 በ16 ሲባዛ 24፣ ለ4 ሲካፈል 6 ሰከንድ። በእነዚህ 6 ሰከንዶች ውስጥ 24 ሜጋ ቢት፣ ማለትም 3 ሜጋ ባይት ያልፋል። ለብዙ ድረ ገጽ ይህ በቂ ነው፤ ገጹ ከተከፈተ በኋላ እንግዳው ሲያነብ አማካዩ እየወረደ ይሄዳል፣ ለ16 ሰከንድ ያህል ዝም ካለም ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ፊልም የሚያወርደው ሰው ደግሞ ከ6 ሰከንድ በኋላ 2 ሜጋ ላይ ይቆያል። አማካዩ 2 ስለሚሆንና ከ1.5 ስለማይወርድ፣ ማውረዱን እስካላቆመ ድረስ በርስት አያገኝም። ለአንባቢው ፈጣን፣ ለአውራጁ ልከኛ፤ የዚህ ቅንብር ውበቱ እዚህ ነው።

ይህ ውበት የሚበላሸው ትሬሽሆልዱ ከማክስ ሊሚት ሲበልጥ ነው። ማክስ ሊሚት 2 ሆኖ ትሬሽሆልዱ 3 ከሆነ፣ ፊልም የሚያወርደው ሰው ለ12 ሰከንድ በ4 ይሮጣል፣ ወደ 2 ይወርዳል፣ አማካዩ ከ3 በታች ሲሆን እንደገና ወደ 4 ይወጣል። ከቀን እስከ ማታ 3 አካባቢ እያወዛወዘ ይኖራል፤ 2 ሜጋ ያላችሁት ገደብ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ትሬሽሆልድ ሁልጊዜ ከማክስ ሊሚት በታች ይሁን።

በአዳዲሶቹ የሚክሮቲክ ሥሪቶች ባኬት ሳይዝ የሚባል ሌላ ሳጥን ታገኛላችሁ። እውነተኛው ባልዲ እርሱ ነው። ፋብሪካው ያስቀመጠው 0.1 ነው፤ ይህም ከማክስ ሊሚቱ ጋር ሲባዛ ለ2 ሜጋ 25000 ባይት ይሆናል። ያለ ምክንያት አትንኩት።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም ነገር ለደቂቃዎች ይታነቃል። በርስት ያስከትለዋል?

ሊያስከትል ይችላል። መብራት ሲመለስ ዋይፋዩ ይነሣል፤ በየክፍሉ ያለው ስልክና ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ ተገናኝቶ የጠበቀውን መልእክትና ማሻሻያ ይጎትታል። ለረጅም ጊዜ ዝም ስላሉ የሁሉም አማካይ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም በርስት ይፈቀድላቸዋል። 40 ክፍል በ4 ሜጋ ሲባዛ 160 ሜጋ ነው። የገዛችሁት መስመር 50 ከሆነ 110ሩ የሚሄድበት የለም።

መፍትሔው የክፍሎቹን በርስት መሰረዝ አይደለም። ከሁሉም በላይ አንድ ወላጅ ኪው (የሁሉንም ክፍል ወረፋ በሥሩ የሚይዝ ወረፋ) አድርጉ፤ ማክስ ሊሚቱ ከመስመሩ ትንሽ ያነሰ፣ ለምሳሌ 47 ሜጋ ይሁን፣ በርስት ግን አይኑረው። ልጆቹ ሮጠው የሚጋፉት በወላጁ ግቢ ውስጥ ይሆናል፤ መስመሩ ራሱ አይታነቅም።

አቅራቢው በእኛ ላይ ፖሊሲንግ ካደረገ ምን ማድረግ እንችላለን?

ብዙ። ሊጥል ያሰበውን ፓኬት ቀድማችሁ በራሳችሁ ወረፋ አቆዩት። አቅራቢው 50 ላይ የሚቆርጥ ከሆነ፣ እናንተ በመላኪያው አቅጣጫ 47 ወይም 48 ላይ ሼፒንግ አድርጉ፤ በርስታችሁም ከእርሱ ባልዲ ያነሰ ይሁን። ያኔ ፓኬቱ የሚጠብቀው በእናንተ ራውተር ውስጥ፣ በእናንተ ቅደም ተከተል ይሆናል፤ የክሊኒኩ የስልክ ጥሪ ከፎቶ ጭነት ቀድሞ ያልፋል። የእናንተ በርስት ከእርሱ ባልዲ ከበለጠ ግን አማካያችሁ 47 ሆኖም ፓኬታችሁ ይጣላል፤ ይህን ሳያስተውል ሙሉ ቀን የሚደክም ባለሙያ አይቻለሁ።

በሚመጣው አቅጣጫ ሥልጣናችሁ ቀጥተኛ አይደለም፤ ፓኬቱ የአቅራቢውን በር አልፎ ነው የሚደርሳችሁ። ቢሆንም ከራውተሩ ወደ ውስጥ ኔትወርክ በሚወጣበት ወደብ ላይ ሼፒንግ ስታደርጉ፣ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ የሚመልሰው ማረጋገጫ ይዘገያል፣ ላኪውም ቀስ ይላል። ለቲሲፒ ይህ በደንብ ይሠራል።

የምረቃ ሰሞን ሆቴሎቻችን በቤተሰብ ሲሞሉ ዳውንሎድ ጭምር ይሞታል። ለምን?

የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ቀን ማታ ሁሉም ሰው የካባና የአበባ ፎቶ ይልካል። የመላኪያው መስመር ሲሞላ የዳውንሎድ ማረጋገጫዎች በዚያው ወረፋ ውስጥ ከፎቶዎቹ ኋላ ይቆማሉ፤ ማረጋገጫ ያልደረሰው ሰርቨር ደግሞ አይልክም። በመላኪያው ላይ ሼፒንግ አድርጉ፣ በርስቱን አጭር አድርጉት፣ የወረፋውንም ዓይነት ኤፍኪው ኮዴል አድርጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በአርኤፍሲ 8290 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራሮች የሚታተሙበት ሰነድ ነው) የወጣው ይህ ዘዴ ለየግንኙነቱ የተለየ ወረፋ ስለሚይዝ ትንንሾቹ ማረጋገጫዎች በትልልቆቹ ፎቶዎች አይታፈኑም። በሚክሮቲክ ከሥሪት 7 ጀምሮ ይገኛል።

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

በአርኤፍሲ 2697 እና 2698 የተደነገጉ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1999 የወጡ የፖሊሲንግ ዘዴዎች ናቸው። በአንድ ባልዲ ፋንታ ሁለት ይጠቀማሉ። በመጀመሪያው የሚበቃው ፓኬት አረንጓዴ ነው፣ ያልፋል። የመጀመሪያው ጎድሎ ሁለተኛው ከበቃው ቢጫ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደረጃው ዝቅ ተደርጎ ያልፋል። ቀዩ ይጣላል። ልዩነታቸው 2697 በአንድ ፍጥነት ሁለቱን ባልዲ ሲሞላ፣ 2698 ለእያንዳንዱ ባልዲ የራሱ ፍጥነት መስጠቱ ነው። ለአንድ ማረፊያ ወይም ክሊኒክ አያስፈልግም።

ሊኑክስ ላይስ?

የሊኑክስ የፍጥነት መገደቢያዎች የሆኑት ቲቢኤፍና ኤችቲቢ በርስት የሚባል ቁጥር አላቸው፤ የሚጻፈው በባይት ነው። በርስቱ በአንድ የሰዓት ምት ውስጥ ሊያልፍ ከሚገባው ማነስ የለበትም፤ ሰዓቱ በሰከንድ 100 ጊዜ በሚመታ ማሽን ላይ ለ10 ሜጋ ቢያንስ 12500 ባይት ያስፈልጋል። ኤችቲቢ ላይ ሲበርስት የሚባል ሁለተኛ ቁጥር አለ፤ ከወላጅ በተበደረው ፍጥነት ላይ የሚሠራ በርስት ነው።

የፍጥነት መለኪያው 20 ያሳያል፣ ትልቅ ፋይል ስናወርድ ግን 8 ነው። የትኛው እውነት ነው?

ሁለቱም። መለኪያው የሚሠራው ለጥቂት ሰከንዶች ነው፤ ባልዲው ሞልቶ ከጀመረ ያያችሁት የሮቶውን ውኃ እንጂ የመስመሩን አይደለም። ስለዚህ እኔ ስለካ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አስኬዳለሁ፤ አይፐርፍ 3 የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በየሰከንዱ ቁጥር ስለሚያወጣ በርስቱ የት እንዳለቀ በዓይን ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከፍ ብለው ከዚያ ረግተው ከቆሙ፣ በርስቱ እንደታሰበው እየሠራ ነው። ከላይ እስከ ታች የሚዘል ቁጥር ካያችሁ ግን የመጋዝ ጥርሱ ነው፤ ፖሊሲንግ የሚያደርገውን ወደብ ፈልጉና የተጣሉትን ፓኬቶች ቆጣሪ አንብቡ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ በርስቱን እጥፍ አድርጉ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ገመድ እንደገና ለኩ።